የፌሩን ጥያቄና መልስ፦ የተበተነች ጳጉሜ፣ 96 ኮዳና የ500 ወርቅ አልማዝ

ይህ ዓምድ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታን ፎርጎትን ሪልምስ በተባለው ዓለም ለሚጫወቱ ነው። በጨዋታው እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር (ገጸ ባሕርይ) ሆኖ ዳይስ እየጣለ ይጫወታል፤ ታሪኩን የሚመራው ሰው ዲኤም ይባላል። ዓለሙን ካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ በልጅነቱ ለራሱ ታሪኮች ጀምሮታል፤ ለጨዋታ የታተመው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ብዙው ተጫዋች የሚያውቀው ፌሩን በተባለችው አህጉር ነው። የምንጠቅሳቸው ሕጎች በ2014ቱ 5ኛ እትም ውስጥ ያሉት ናቸው። በ2024ቱ መጽሐፍ የምትጫወቱ ቁጥሮቹን ከራሳችሁ መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾቼ የፌሩን ዓመት አቆጣጠር ከእኛው ጋር አንድ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ቀን መቁጠሩን ትቼ «ከጥቂት ቀናት በኋላ» እያልኩ ነው ጨዋታውን የምመራው። በዚያ ላይ አንዱ ካራክተር ጨረቃ ስትሞላ ወደ ተኩላነት ይለወጣል። ጨረቃዋን የምሞላት ደስ ሲለኝ ስለሆነ ልጁ አኩርፎኛል። (ዲኤም፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጁ ማኩረፉ ልክ ነው፤ ተጫዋቾችህም አልተሳሳቱም። የፌሩን አቆጣጠር ሃርፕቶስ ይባላል። እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ትርፍ ቀናት አሉት፤ በየ4 ዓመቱ ደግሞ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሒሳቡ የእኛው ነው። የሚለየው አቀማመጡ ነው፤ እኛ ትርፎቹን ዓመቱ መጨረሻ ላይ ጳጉሜ ብለን ስንሰበስባቸው እነሱ በወራቱ መሃል በትነዋቸዋል። ሚድዊንተር ከ1ኛው ወር ከሀመር ቀጥሎ ይውላል። ግሪንግራስ ከ4ኛው ከታርሳክ፣ ሚድሰመር ከ7ኛው ከፍሌምሩል፣ ሃይሃርቨስታይድ ከ9ኛው ከኤሌይንት፣ የጨረቃ በዓል ደግሞ ከ11ኛው ከኡክታር ቀጥሎ ናቸው። በየ4 ዓመቱ የምትመጣው ስድስተኛዋ ቀን ሺልድሚት ትባላለች፤ የምትውለው በሚድሰመር ማግስት ነው። የእኛ ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ሲሆን፣ ሺልድሚት የምትመጣው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ነው። 1492 ለምሳሌ ሺልድሚት አለው።

ከበዓላቱ አንዱም የወር ቀን አይደለም። «ሀመር 31» የሚባል ነገር የለም፤ ከሀመር 30 በኋላ ሚድዊንተር ውሎ ማግስቱ አልቱሪያክ 1 ነው። ዲኤሞች ጉዞ ሲቆጥሩ ሁልጊዜ አንድ ቀን የሚጎድላቸው እዚህ ላይ ነው። ሌላው የሚያሳስተው ሳምንት ነው። ፌሩን ውስጥ የ7 ቀን ሳምንት የለም፤ አሥር ቀኑ አንድ ተንዴይ ነው፣ ሦስት ተንዴይ አንድ ወር። በዋተርዲፕ ከተማ ያለ ባለ ሱቅ «ሰኞ ና» ካለ ዲኤሙ እንቅልፍ ይዞታል ማለት ነው።

አንድ ቀን ከዓመቱ ስንተኛ እንደሆነ ለማወቅ ያለቁትን ወራት በ30 አባዛ፣ የወሩን ቀን ጨምር፣ እስከዚያ ያለፉትን በዓላት ጨምር። ሚርቱል 10ን እንውሰድ። ሚርቱል 5ኛው ወር ስለሆነ አራት ወር አልቋል፤ ያ 120 ነው። 10 ሲጨመር 130፤ ሚድዊንተርና ግሪንግራስ ስላለፉ 132።

አሁን ወደ ጨረቃዋ። ሴሉኔ ከሙሉ እስከ ሙሉ የምትፈጀው 30 ቀን ከ10 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 30.4375 ቀን ነው። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው፤ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ልክ 48 ይመጣል። ስለዚህ የጨረቃው ሰንጠረዥ በየ4 ዓመቱ ራሱን ይደግማል፤ አንዴ የሠራኸው ለዘመቻው (ለተከታታዩ ጨዋታ) ሙሉ ይበቃሃል። ለ4 የሚካፈል ዓመት ላይ ሀመር 1ን ሙሉ ጨረቃ አድርገህ ጀምር። በ1492 ሚርቱል 10 ላይ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ 131 ቀን አልፏል። አራት ሙሉ ዙር 121.75 ቀን ይወስዳል፣ የሚቀረው 9 ቀን ከሩብ ነው። ጨረቃዋ የምትጠፋው ከሞላች ከ15 ቀን በኋላ ስለሆነ በዚህ ምሽት እየጎደለች ነው፤ ተኩላህ በሰላም ይተኛል። አምስተኛው ዙር በ152 ቀን ከ4 ሰዓት ተኩል ይሞላል፤ ቀኑ ካይዞርን 1 ላይ ይወድቃል። ይህን ቀን ለልጁ አስቀድመህ ንገረው። ሰንሰለት ይግዛ፣ ከከተማ ይውጣ ወይም ለጓደኞቹ ይናዘዝ፤ የእርግማኑ ጨዋታ ያለው ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ በሚጨነቅበት ሰዓት ነው። ድንገት «ዛሬ ሞላች» ስትለው የቀማኸው ያንን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ መጽሐፍ የአስማት አምላኳ ሚስትራ አለች ይላል፤ ሌላው ሞታለች፤ አዲሱ ደግሞ አለች። የትኛውን ልመን? (ጀማሪ ዲኤም፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁሉንም፤ የሚለያዩት ዓመታቸው ላይ ነው። የ1987ቱ ሣጥን የሚጀምረው በፌሩን 1357 ነው። በማግስቱ ዓመት በ1358 አማልክቱ ወደ ምድር ተጣሉ፤ ሚስትራ ሞተችና ሚድናይት የተባለች ሟች አስማተኛ ሥልጣኗንና ስሟን ወረሰች። 3ኛው እትም በ1372 ይጀምራል። በ1385 ሲሪክ የተባለው አምላክ ሁለተኛዋን ሚስትራ ገደላት፤ አስማት ሁሉ የተሸመነበት ዊቭ ተበጣጠሰ፣ ስፔልፕሌግ የተባለው መቅሠፍት ወረደ። 4ኛው እትም ወደ 1479 ዘለለ። የ5ኛው እትም ጀብዱዎች በብዛት ከ1489 ወዲህ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ አምላኳ ተመልሳለች።

ዓመቱን በዘመቻ ማስታወሻህ አናት ላይ ጻፍ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሰው ስትወስድ ዕድሜውን ቁጠር፦ በ1340 የተወለደ ተራ የዋተርዲፕ ነጋዴ በ1492 የ152 ዓመት ሰው ነው፤ ቀብረህ በልጅ ልጁ ተካው። ድዋርፍ እስከ 350፣ ኤልፍ እስከ 750 ዓመት ስለሚኖሩ እነሱን እንዳሉ አምጣቸው። በነገራችን ላይ አንድ መቶ ዓመት ያለፈበት ኤልፍ አሮጌውን ዘመን በዓይኑ ያየ ምስክር ነው፤ ብዙ ጠረጴዛ ላይ ግን ጆሮው የረዘመ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ አራት ነን። አናውሮክ በረሃን ለማቋረጥ ስድስት ቀን ይፈጃል ተብለናል። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ኮዳ ይዘናል። «ይበቃናል?» ብንለው ዲኤማችን ፈገግ ብሎ ዝም አለ። (ቀስተኛዋ፣ መቀሌ)

መልስ፦ እህታችን፣ ያ ፈገግታ ደግ አይደለም። ኮዳው ሲሞላ 5 ፓውንድ ይመዝናል፤ የሚይዘው ግን ግማሽ ጋሎን፣ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ነው። ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን፣ በሙቀት ደግሞ 2 ጋሎን ይላል። አንድ ኮዳ በበረሃ የሩብ ቀን ውሃ ነው።

ቢያልቅባችሁ የሚሆነው ይህ ነው። ከሚያስፈልገው ግማሹን የጠጣ ሰው የኮንስቲቱሽን ሴቭ (ሰውነቱ መቋቋሙን የሚወስን ዳይስ) ይጥላል፤ 15 ካልደረሰ ቀኑ ሲያበቃ አንድ ደረጃ ድካም ይወስዳል። ከግማሽ በታች የጠጣ ሴቭ የለውም፣ ድካሙን ቀጥታ ይወስዳል። ድካም ያለበት ሰው ሲሆን የሚጨመርበት ሁለት ሁለት ነው። ጭራሽ ያልጠጣ ሰው በ1ኛው ቀን ማታ 1፣ በ2ኛው 3፣ በ3ኛው 5 ላይ ይደርሳል። 3 ላይ ጥቃቱም ሴቩም በሁለት ዳይስ ዝቅተኛው ይሆናል፤ 5 ላይ እግሩ አይንቀሳቀስም። በ4ኛው ቀን ማታ 6 አልፎ ይሞታል። የሚፈለገውን ያህል ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ይህ ድካም በእንቅልፍ አይለቅም።

አሁን ጭነቱን እንቁጠር። አራት ሰው በ2 ጋሎን በ6 ቀን 48 ጋሎን ነው፤ ውሃው ብቻ 400 ፓውንድ። ጥንካሬው 10 የሆነ ሰው ልብሱንና ቀስቱን ጨምሮ የሚችለው በጠቅላላ 150 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ግመል። ግመል 50 ወርቅ ያወጣል፣ 480 ፓውንድ ይሸከማል። ብዙዎች እዚህ ላይ በርሜል ይገዛሉ፤ ስህተት ነው። በርሜል 40 ጋሎን ስለሚይዝ ሁለት ያስፈልጋችኋል። እያንዳንዱ ባዶውን 70 ፓውንድ ነው፤ ከውሃው ጋር 540 ይሆናልና ግመሉ አይነሳም። በኮዳ ብትሄዱ 96 ኮዳ ነው፤ በ5 ፓውንድ 480፤ ልክ ግመሉ አፍ ድረስ። አንዲት ተምር እንኳን አይጨመርበትም። ስለዚህ ሁለት ግመል፣ 96 ኮዳ፦ 100 ወርቅ ለግመሎቹ፣ 19 ወርቅ ከ2 ብር ለኮዳዎቹ።

ግመሎቹስ አይጠጡም ወይ? በመጽሐፉ ትልቅ እንስሳ በቀን 4 ጋሎን ይፈልጋል፤ በሙቀት እጥፍ ሲሆን ሁለቱ በ6 ቀን 96 ጋሎን ይጠጣሉ፤ ከሰዎቹ እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሕግ ቃል በቃል ያስከበረ ዲኤም ግመልን ከበረሃ አስወጣ። ከዳሎል ጨው የሚጭኑትን የሚያውቅ ሁሉ ግመል ከሳምንት በላይ ያለ ውሃ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ለስድስት ቀን መንገድ ጠጥተው ይነሱ፣ ስትደርሱ ይጠጡ፣ በቃ።

ክለሪክ (የአምላክ አገልጋይ) ወይም ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) ካላችሁ ግን ይህ ሁሉ ግብይት አያስፈልግም። ውሃ የሚፈጥረው የ1ኛ ደረጃ ድግምት በአንድ ጊዜ 10 ጋሎን ይሰጣል፤ ለአራታችሁ የቀን ፍላጎት 8 ነው። የሚረሳው ዕቃው ነው፤ ውሃው የሚፈጠረው ክፍት ዕቃ ውስጥ ነው፣ ዕቃ ከሌለ እንደ ዝናብ ወርዶ አሸዋው ይጠጣዋል። አንድ ባልዲ 3 ጋሎን ይይዛል፣ ዋጋው 5 መዳብ። አራት ባልዲ በ20 መዳብ ገዝታችሁ አንዱ ግመል ላይ እሰሩ። በአንዲት ፍሬ ሰው የሚያጠግበውን ድግምት የምታምኑ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እሱ ምግብ ነው፣ ስለ ውሃ የሚለው የለም።

ከመነሳታችሁ በፊት «ስድስት ቀን» የተባለውን ራሳችሁ ለኩት። በመደበኛ እርምጃ በቀን 24 ማይል ይኬዳል፤ አሸዋ አስቸጋሪ መሬት ስለሆነ ግማሹ ነው፣ 12 ማይል። ካርታው ላይ 144 ማይል ለክቶ ለ24 ያካፈለ ሰው ስድስት ቀን ያገኛል፤ የሚሄደው ግን አሥራ ሁለት ነው። ውሃውም እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሌባችን ወጥመድ ረግጦ ሞተ። ክለሪካችን ሌቭል 6 ናት። አስከሬኑን ፈረስ ላይ ጭነን ወደ ዋተርዲፕ እየሄድን ነው። ስንት ቀን አለን? (የሟቹ ጓደኞች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ ተስፋ ግን አለ። ክለሪካችሁ ከሌቭል 5 ጀምሮ በደቂቃ ውስጥ የሚያስነሳውን ድግምት ትችል ነበር (ሌቭል የካራክተሩ እድገት ነው፤ የድግምት ደረጃ ሌላ ነው)። አንድ ደቂቃ ማለት 10 ዙር ነው፤ ውጊያው ሳያልቅ ማለት ይቻላል። የሚጠይቀው 300 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ነው። 300 ወርቅ በቦርሳ መያዝ አይጠቅምም፤ አልማዙ ራሱ እጇ ላይ መኖር አለበት። ይህን ለሚቀጥለው ሟች ያዙት።

አሁን የቀራችሁ የ5ኛ ደረጃው ማስነሻ ነው። ሌቭል 9 የደረሰ ክለሪክና የ500 ወርቅ አልማዝ ይፈልጋል፤ ሟቹ ከሞተ ከ10 ቀን ያልበለጠ መሆን አለበት። አንድ ተንዴይ ነው። በቀን በ24 ማይል 240 ማይል ትሄዳላችሁ። መንገዱ ከዚያ ከረዘመ ክለሪካችሁ አሁኑኑ አስከሬን የሚጠብቀውን የ2ኛ ደረጃ ድግምት ትድገም። ለ10 ቀን አስከሬኑ አይፈርስም፣ ያ ጊዜም ከአሥሩ ቀን አይቆጠርም። ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ብትደግመው ድግምቱ ሲያበቃ ገና 8 ቀን ይቀራችኋል። አሥሩ ቀን ሳያልቅ ደግማ ብታስረዝመውም ይቻላል። በሥርዓት፣ 10 ደቂቃ ጨምራ ብትደግመው የድግምት አቅም አይበላባትም።

የሚያስፈልገው ቁንጥር ጨውና ሁለት የመዳብ ሳንቲም ነው፤ ሳንቲሞቹ በሟቹ ዓይኖች ላይ ይቀመጣሉ፣ ጊዜው እስኪያልቅም እዚያው መቆየት አለባቸው። በፈረስ ጀርባ ላይ በሆዱ ተጭኖ የሚሄድ አስከሬን ሳንቲም ይጥላል። ጨርቅ ዙሪያውን እሰሩለት፣ በጀርባው አስተኙት። ጠንቃቃ ዲኤም ይህን ይጠይቃል።

የተነሳው ሰው በ1 ነጥብ ሕይወት ይነቃል። ጥቃቱ፣ ሴቩና የችሎታ ዳይሱ ሁሉ 4 ይቀነስበታል፤ በእያንዳንዱ ረጅም እረፍት ቅነሳው በ1 ይጎድላል፤ አራት ሌሊት ማለት ነው። የተቆረጠ አካል አይመለስለትም። ራሱ ከሌለ ደግሞ ድግምቱ ከነአካቴው አይሠራም፤ ወጥመዱ የምን ወጥመድ እንደነበረ አልጻፋችሁልንም።

ነፍሱ ፈቃደኛ መሆን አለባት። በፌሩን የሞቱት ነፍሶች ፊውግ በተባለው ሜዳ ላይ ሆነው አማልክቶቻቸው እስኪወስዷቸው ይጠብቃሉ፤ የቀሩትን የሙታን ዳኛ ከሌምቮር ይፈርድባቸዋል። «ልመለስ ወይስ ልቅር» የሚለው የተጫዋቹ ውሳኔ ነው፤ ዲኤሙ አይመልስለትም።

ለዲኤሟ አንድ ነገር፦ በዕድል የሚወጣው የከበሩ ድንጋዮች ሰንጠረዥ ውስጥ አልማዝ ያለው በ5,000 ወርቅ ረድፍ ብቻ ነው። የ300ና የ500 አልማዝ ከሰንጠረዡ በፍጹም አይወጣም። በእጅሽ ካላስቀመጥሽው ቡድኑ ሞትን የሚመልስበት መንገድ የለውም፤ ስንት እንደምታስቀምጪም አስቀድመሽ ቁረጪ።

ጥያቄ፦ የድራጎን ዋሻ አጸዳን። 20,000 የብር ሳንቲም አለ ተባልን፤ «ወሰድን» ስንል ዲኤሙ «በምን?» አለን። (አራት ሀብታሞች፣ አዳማ)

መልስ፦ 50 ሳንቲም 1 ፓውንድ ነው፤ 400 ፓውንድ ብር አላችሁ፣ ዋጋው ግን 2,000 ወርቅ ነው። ያው ዋጋ በወርቅ ሳንቲም 40 ፓውንድ፣ በፕላቲነም 4 ፓውንድ ብቻ ነው። ሁሉን የምትውጠው አስማተኛ ከረጢት ካለቻችሁ 500 ፓውንድ ትችላለች፤ ከዚያ ካለፈ ወይም ስለት ከወጋት ተቀድዳ የያዘችው ሁሉ አስትራል በተባለው ጠፈር ይበተናል። ሰይፍ ያለ አፎት ከሳንቲም ጋር አትክተቱ።

ዋተርዲፕ ስትደርሱ መዳቡን ኒብ፣ ብሩን ሻርድ፣ ወርቁን ድራገን፣ ፕላቲነሙን ሰን ይሉታል። ታኦል የተባለ መሃሉ የተበሳ አራት ማዕዘን ናስ ከሰጧችሁ ከተማው ውስጥ 2 ድራገን ነው፤ ከቅጥሩ ውጭ ናስ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱት። ያውኒንግ ፖርታል በተባለው መጠጥ ቤት ወለል ላይ ካለው ጉድጓድ አንደርማውንቴን ወደተባለው የምድር ውስጥ ዋሻ ልትወርዱ ካሰባችሁ ደግሞ ባለቤቱ ለመውረጃ በነፍስ ወከፍ 1 ድራገን፣ ለመውጫም 1 ድራገን ያስከፍላል። ጥልቀቱ 140 ጫማ ነው። የመውጫውን አስቀሩ።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው ከ9ኛ ደረጃ በላይ ድግምት የሌለው? አስማተኛዬ ሌቭል 20 ደርሷል። (ጎንደር)

መልስ፦ በካርሰስ ምክንያት። ኔዘሪል የተባለው የጥንት መንግሥት ሰዎች ተራራ ቆርጠው ገልብጠው ከተማ የሚያንሳፍፉ ነበሩ፤ ከሁሉ የበለጠው ካርሰስ በፌሩን አቆጣጠር ከዜሮ በፊት በ339 የአስማት አምላኳን የሚስትሪልን ሥልጣን የሚነጥቅ ድግምት ደገመ። ተሳካለት፤ ግን ዊቭን መያዝ አልቻለም። ሚስትሪል ዊቭን ለማዳን ራሷን ሠዋች፣ አስማት ለአፍታ ቆመ፣ የተንሳፈፉት ከተሞች ወደቁ። ተተኪዋ ሚስትራ እንዲህ ያለውን ኃይል ከለከለች። አስማተኛህ የበለጠ ከፈለገ የወደቀ ከተማ ፍርስራሽ ይፈልግ፤ ዲኤምህም ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ በፌሩን ኢትዮጵያን የሚመስል አገር አለ? ከሌለ ላሊበላን እንደ ዳንጀን (ጀብዱ የሚካሄድበት ዋሻ ወይም ምሽግ) ብጠቀም ነውር ነው? (ዲኤም፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቀጥታ የሚመስል የለም። ሙልሆራንድ ከጥንቷ ግብፅ የተቀዳ ነው፤ ቸልት ደኑና ዳይኖሰሩ የበዛ ደቡባዊ ልሳነ ምድር ነው። ቸልትን ወስዶ እንጀራ ማስገባት ኢትዮጵያን አያደርገውም፤ ባዶ ሸለቆ መርጠህ የራስህን አገር ብትተክል ይሻላል።

ላሊበላን በተመለከተ ልኩን ውሰድ፣ ቅድስናውን ተው። አሥራ አንዱም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ይቀደስባቸዋል፤ መቅደስ ውስጥ ጎብሊን የሚታረድበት ጨዋታ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሊያስቀይም ይችላል፣ መጀመሪያ ጠይቅ። ቅርጹ ግን ለካርታ የተሠራ ነው የሚያስብል ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ብትወስድ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ፣ የቆመበት ጉድጓድ በየጎኑ 25 ሜትር ገደማ ነው። በ5 ጫማ ካሬ ስትስለው ጉድጓዱ 16 በ16፣ ሕንፃው 8 በ8፣ በዙሪያው የሚቀረው መተላለፊያ 4 ካሬ ስፋት ይሆናል። ሕንፃው የመስቀል ቅርጽ ስላለው አራቱ ማዕዘኖች ተጨማሪ መሸሸጊያ ናቸው።

ውጊያው እንዲህ ይሆናል። ተጫዋቾች መጀመሪያ የሚያዩት ጣሪያውን ነው፤ ከእግራቸው እኩል ነውና። ከአፋፉ የወደቀ 40 ጫማ ይወድቃል፤ አራት ባለ 6 ዳይስ፣ በአማካይ 14 ጉዳት። ለጀማሪ አስማተኛ ሞት ነው። የሚወረደው በጠባብ ቦይ ስለሆነ ሁለት ጋሻ ጃግሬ ቡድኑን ሁሉ ያግዳሉ። አፋፉ ላይ ያለ ቀስተኛ ግማሹን መተላለፊያ ያያል፤ ሌላውን ሕንፃው ይከልልበታል። ስለዚህ ከታች ያለው ወገን ሲዞር ከላይ ያለውም መዞር ይኖርበታል። አንድ ቀስተኛ አታድርግ፣ ሁለት በተቃራኒ ጎን ካቆምክ መሸሻ አይኖርም፤ ለዝቅተኛ ሌቭል ግን ይከብዳል። ባለቤቶቹን ድዋርፎች፣ መስቀሉን የአምላካቸው የሞራዲን መዶሻ አድርገው፤ ድንጋይ መውቀር ለእነሱ አያስገርምም።

ጥያቄ፦ ሕጉን ወደ አማርኛ መልሰን ብናትም ይፈቀዳል? (ሦስት ተማሪዎች፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ መሠረታዊ ሕጎቹን የያዘው ሰነድ፣ 5.1 የሚባለው፣ በጥር ወር 2023 እ.ኤ.አ. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን በተጠየቀው አኳኋን እስከጠቀሳችሁ ድረስ መተርጎም፣ መቀየርና መሸጥ ትችላላችሁ። ፎርጎትን ሪልምስ ግን የዚያ ፈቃድ አካል አይደለም። ዋተርዲፕን፣ የዓለሙን ሌሎች ከተሞችና ሰዎች ለሽያጭ መጽሐፍ አታስገቡ፤ ድርጅቱ ለአድናቂ ሥራዎች ያወጣው ደንብ የሚፈቅደው በነፃ የሚሰጠውን ነው። ሕጉን ከዚያ፣ ዓለሙን ከራሳችሁ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ባለ 20 ጎን ዳይስ አጣን። (ድሬዳዋ)

መልስ፦ ባለ 10 እና ባለ 6 ዳይስ አብራችሁ ጣሉ። ባለ 6ቱ ከ1 እስከ 3 ከሆነ የባለ 10ሩን ቁጥር እንዳለ ውሰዱ፤ ከ4 እስከ 6 ከሆነ 10 ጨምሩበት። የባለ 10ሩ 0 እንደ 10 ይቆጠራል። ባለ 10 ከሌለ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው የወረቀት ቁርጥራጮች በቆርቆሮ ያገለግላሉ፤ ያወጣችሁትን ሁልጊዜ መልሱ፣ አለበለዚያ ዕድሉ ይዛባል። ሁለት ባለ 10 ደምሮ እንደ 20 መጠቀም አይሆንም፤ 1 ጨርሶ አይወጣም፣ 11 ደግሞ ይበዛል።

ጥያቄ፦ ግማሾቻችን አዲስ አበባ፣ ግማሾቻችን ዋሽንግተን ሆነን በኢንተርኔት እንጫወታለን። ቅዳሜ 3 ሰዓት ስንባባል ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀራል። (ፈረንጅና ሐበሻ ሰዓት)

መልስ፦ ሁለት ችግር ነው ያለባችሁ። አንደኛው 3 ሰዓት የጠዋትም የማታም፣ የሐበሻም የፈረንጅም መሆኑ ነው። ሁለተኛው አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቷን ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደኋላ መውሰዷ ነው፤ ኢትዮጵያ አትነካውም። ስለዚህ ልዩነቱ ከማርች እስከ ኖቬምበር 7፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች 8 ሰዓት ነው። አዲስ አበባን እንደ መሠረት ይዛችሁ ቀጠሮውን እንዲህ ጻፉት፦ «ቅዳሜ በሐበሻ ከምሽቱ 3፤ ዋሽንግተን ከማርች እስከ ኖቬምበር ከቀኑ 2 ፒኤም፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች 1 ፒኤም»። ሰዓቱ በሚቀየርባቸው ሁለት ሳምንቶች ዲኤሙ ዓርብ ዕለት ለሁሉም ይደውል።